የትምህርቱን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ቤተሰብ፣ ቁጠባና ከፍተኛ ትምህርት በኢትዮጵያ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል። በሀገራችን አንድ ወጣት እስከ ከፍተኛ ትምህርት እንዲደርስ ወጪውን ሲሸፍን የኖረው ማን ነው? የተለመደው መልስ ዝግጁ ነው፤ «ድሮ ትምህርት ነጻ ነበር፣ ዛሬ በገንዘብ ሆነ» ይባላል። ይህ አባባል ከፊል እውነት አለው። ተማሪው በመዝገብ ቤት መስኮት ገንዘብ ሳይቆጥር የተማረበት ዘመን በእርግጥ ነበር። ይሁን እንጂ ተማሪው አልከፈለም ማለት ማንም አልከፈለም ማለት አይደለም። እህል፣ ጉልበት፣ የመሬት ግብርና የአገልግሎት ዘመን ሁሉ ክፍያ ናቸው። እኛ የታሪክ ባለሙያዎች የትምህርትን ታሪክ በአመዛኙ የጻፍነው ከአዋጅና ከትምህርት ቤት ምሥረታ ተነሥተን ነው። ዛሬ ከቤተሰብ ጓዳ ተነሥቼ ላየው እሞክራለሁ።

እህልና ጉልበት የትምህርት ክፍያ በነበሩበት ዘመን

ለብዙ መቶ ዓመታት ከፍተኛ ትምህርት ሊባል የሚችለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር። ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ መጻሕፍት ቤት የሚደርሰው መንገድ ረጅም ነው፤ ከአንድ ደብር ወደ ሌላ ደብር መዘዋወርንም ይጠይቃል። ቅኔ ፈላጊው ወደ ጎጃም፣ ድጓ ፈላጊው ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ፈላጊው ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ጉዞ ያለ ገንዘብ ይከናወን ነበር፤ ያለ ወጪ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያውን ወጪ የሚሸከመው የልጁ ቤተሰብ ነው። ልጁ ከቤት በሚወጣበት ዕድሜ ከብት ጠባቂ፣ ውኃና እንጨት አቅራቢ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ገበሬ ነበር። የአንድ እረኛ ጉልበት መቅረት በአነስተኛ ገበሬ ቤት ውስጥ ቀላል ጉዳት አይደለም። የዛሬው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ «የታለፈ ገቢ» የሚለውን ነገር ያ ገበሬ በስም ባያውቀውም በኑሮው ያውቀው ነበር። ስለዚህም ከልጆቹ መካከል አንዱን ለትምህርት ሲሰጥ ሌላውን ለእርሻ ያስቀር ነበር። ይህ ምርጫ ራሱ የቤተሰብ በጀት ነው።

ሁለተኛውን ወጪ የሚሸከመው ባዕድ ሰው ነበር። የቆሎ ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይዞራል። እንጀራውን የምትሰጠው እናት ልጁን አታውቀውም፤ የእርሷም ልጅ ምናልባት በሌላ አገር በሌላ ደጅ ቆሞ ይሆናል። መምህሩም ተማሪውን የወር ደመወዝ አይጠይቁም። መተዳደሪያቸው የደብሩ የሰሞን መሬትና የምእመናኑ ስጦታ ሲሆን፣ ተማሪው በበኩሉ እንጨት በመልቀምና ውኃ በመቅዳት ያገለግላቸዋል። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች የነበሩት የእስልምና ትምህርት ማዕከላት በተመሳሳይ ሥርዓት ይኖሩ ነበር፤ ከሩቅ የመጣውን ደረሳ የሚመግበው የአካባቢው ሕዝብ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው ቁም ነገር ልግስናው ብቻ አይደለም። ወጪው የተከፋፈለበት መንገድ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ የአንድ ተማሪ የብዙ ዓመት ቀለብ በአንድ አባወራ ላይ አልወደቀም። በእርግጥ ሥርዓቱን ከሚገባው በላይ ማሞገስ አይገባም። ሴቶች ልጆችን በአብዛኛው አግልሏል፤ ተማሪውንም ለረሃብ፣ ለብርድና ለበሽታ ያጋልጥ ነበር። ሆኖም አባት ሊከፍል ያልቻለውን መንደር ይከፍል ነበር።

ነጻው ትምህርትና የገበሬው ግብር

ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመር ወጪውን የተረከበው ቤተ መንግሥቱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 እ.ኤ.አ. በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መምህራኑን ያስመጡት ከግብፅ ነበር። በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከነጻነት መልስም መንግሥት ተማሪ ለማግኘት ሲል ለብዙዎች ምግብ፣ ልብስና ማደሪያ ይሰጥ ነበር። ወላጅ ልጁን ለማስተማር መክፈሉ ቀርቶ፣ ልጁን እንዲለቅ የሚባበልበት ወቅት ነበር።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት መጣ? ከምንጮቹ አንዱ በ1947 እ.ኤ.አ. በአዋጅ የተደነገገው የትምህርት ግብር ነው። ግብሩ የተጣለው በመሬት ላይ ሲሆን፣ መጠኑም እንደ መሬቱ ለምነት ይለያይ ነበር። በሕግ ግብር ከፋዩ ባለመሬቱ ቢሆንም፣ ጭሰኛው በሚበዛበት አገር የመሬት ግብር ጫና ዞሮ ዞሮ አራሹ ትከሻ ላይ ማረፉ አይቀርም ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ግን በአመዛኙ በከተሞች ይገኙ ነበር። ስለዚህ «ነጻ ትምህርት» በምንለው ዘመን ከከፋዮቹ መካከል ትምህርት ቤት በአካባቢው ያላየው ገበሬ ይገኝበታል። ከተጠቃሚዎቹ መካከል ደግሞ የከተማ ነዋሪና የባለሥልጣን ልጅ ይበዛ ነበር። ነጻው ትምህርት የራሱ የሆነ ኢፍትሐዊነት ነበረው ማለት ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት በሚመሩት አስተዳደር ትምህርት ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ተመረቀ። በቀን ለሚማረው ወጣት ቤተሰቡ ከሚያደርገው መጠነኛ ድጋፍ በቀር የክፍያ ጥያቄ አልነበረም። ክፍያ ይጠየቅ የነበረው በማታው ክፍል ለሚማረው ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ጸሐፊው፣ የባንክ ሠራተኛውና አስተማሪው ከደመወዛቸው ቀንሰው ይማሩ ነበር። በመሆኑም በግል ገንዘብ መማር በ1990ዎቹ የተፈጠረ አዲስ ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም።

በ1957 የትምህርት ዘመን የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ሌላ ዓይነት ክፍያ አስተዋወቀ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በክፍለ ሀገር፣ በአብዛኛው በአስተማሪነት፣ እንዲያገለግል ተደነገገ። ተማሪው ገንዘብ ባይከፍልም ዘመኑን ከፍሏል። ቤተሰቡም የልጁን ደመወዝ አንድ ዓመት ዘግይቶ አገኘ። ይህ ዓመት ለብዙዎች የሀገራቸውን ገጠር ያወቁበት ሆነ፤ የዚያ ትውልድ የፖለቲካ ንቃት ከዚህ ልምድ ጋር መያያዙ የሚታወቅ ነው።

ቤተሰብ በትምህርት ላይ የጣለው ተስፋ ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ መንግሥት የተረዳው በ1966 ዓ.ም. ነው። «የትምህርት ዘርፍ ክለሳ» የተባለው ጥናት ብዙኃኑ ልጆች በመሠረታዊ ትምህርት ላይ እንዲያተኩሩ፣ ወደ ከፍተኛ ደረጃ የሚያልፉት ጥቂቶች እንዲሆኑ የሚያስችል አቅጣጫ አቀረበ። መምህራን በየካቲት ወር የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ ብዙ ወላጆችም ጥናቱን የድሀ ልጅ ድሀ ሆኖ እንዲቀር የታሰበ አድርገው አዩት። መንግሥት አፈጻጸሙን ለማቆም ተገደደ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ለአብዮቱ መፈንዳት ምክንያት ከሆኑት ጉዳዮች መካከል ወላጅ ለልጁ ያሰበው የትምህርት መንገድ መዘጋት አንዱ እንደነበር መዘንጋት የለብንም።

ዕቁብ፣ ባንክ እና ቤት

አሁን ከመንግሥት ፊታችንን ወደ ቤተሰብ ቁጠባ እንመልስ። ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለነገ ገንዘብ የሚያስቀምጥባቸው መንገዶች የትኞቹ ነበሩ?

የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ የጀመረው በ1906 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ለአብዛኛው ሕዝብ ባንክ ለረጅም ጊዜ የነጋዴና የመንግሥት ቤት ሆኖ ቆይቷል። የተራው ሰው ባንክ ዕቁብ ነበር። አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አባላቱ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ይከፍላሉ፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ዋስ ጠርቶ ይወስዳል፣ ዳኛውና ጸሐፊው ሥርዓቱን ይጠብቃሉ። ወለድ የሌለበት በመሆኑ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለ ሕሊና ወቀሳ ይገባበታል። እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ላንሣ። በዕቁብ ውስጥ ቀድሞ የደረሰው ተበዳሪ ነው፣ መጨረሻ የደረሰው ግን ቆጣቢ ነው። አንድ ማኅበር ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ ያከናውናል። በመስከረም የትምህርት መመዝገቢያ የቸገረው አባል ዕጣው ከደረሰው ሰው ተራ መግዛት ወይም መለመን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው መንገድ የደመወዝተኛው የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። በሀገራችን የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ማኅበር በ1964 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ተቋቋመ። ሠራተኛው ከደመወዙ በየወሩ ያስቀንሳል፣ በቆጠበውም ልክ ይበደራል። ለብዙ ደመወዝተኞች የልጅ የትምህርት ክፍያ መሸፈኛ የሆነው ይህ ዓይነቱ ብድር ነው።

ሦስተኛው መንገድ ቤት ነበር። ገንዘብ ያጠራቀመ የከተማ ቤተሰብ ሁለተኛ ቤት ሠርቶ ያከራያል፤ ኪራዩም ለልጆች ማሳደጊያና ማስተማሪያ ይሆናል። ይህ የቁጠባ መንገድ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተቋረጠ። አዋጁ ኪራይ በመቀነስ ብዙ ድሀ ተከራዮችን መጥቀሙ አይካድም። የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን በአንድ ትርፍ ቤት ላይ ያዋሉ መካከለኛ ቤተሰቦች ግን ጥሪታቸውን አጡ። በትውልዱ ላይ የቀረው ትዝታ የቤቱ መወሰድ ብቻ አይደለም፤ «የምታስቀምጠው ሀብት ነገ የአንተ ላይሆን ይችላል» የሚለው ጥርጣሬም ነው። የቁጠባ ባህል ደካማ ነው ብለን ቤተሰብን ከመውቀሳችን በፊት ይህን ትዝታ ማስታወስ ይገባናል።

ወጪ መጋራት

በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ከነምግቡና ከነማደሪያው በመንግሥት ወጪ ቀጠለ። ያን ጊዜ ግን ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂቶች፣ በሩም ጠባብ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ቅድሚያ እስከ 10ኛ ክፍል እንዲሆን፣ ከዚያ በላይ ግን ተጠቃሚው ወጪ እንዲጋራ አቅጣጫ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደረሰ። በሩ ሲሰፋ ሂሳቡም ተከትሎ መጣ።

በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መነሻው በ1989 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተጀመረው አሠራር ነው። ተማሪው በሚማርበት ጊዜ አይከፍልም፤ ተመርቆ ደመወዝ ሲያገኝ ይከፍላል። በደንቡ መሠረት የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ክፍያው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይሰበሰባል። ሐሳቡ ፍትሐዊ ጎን አለው፤ ገንዘብ የሌለው ወላጅ ልጅ በበር ላይ አይመለስም። እዳውም ከአባት ወደ ልጅ ተዛወረ፤ ይህ በታሪካችን አዲስ ነገር ነው። ይሁን እንጂ አሰባሰቡ በአሠሪው የደመወዝ መዝገብ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ከሁሉ በላይ በደንብ የሚይዘው ደመወዝተኛውን ነው። ሥራ ያጣው ተመራቂ ኦሪጅናል ማስረጃውን ለማውጣት ሲፈልግ ደግሞ እዳው ተመልሶ በወላጅ ኪስ ላይ ያርፋል።

በዚሁ ጊዜ የግል ኮሌጆች ተበራከቱ። ከእነርሱ ጋር የወር ክፍያ፣ የመመዝገቢያና የመመረቂያ ክፍያ የሚባሉ ቃላት ወደ ቤተሰብ መዝገበ ቃላት ገቡ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የብዙ ወላጆች ስሌት ተናጋ። ልጄ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይማራል ብሎ ምንም ያላስቀመጠው ወላጅ ሌላ አማራጭ መፈለግ ነበረበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2023 እ.ኤ.አ. ራስ ገዝ ሆኖ በራሳቸው ወጪ የሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን መቀበል መጀመሩም የመንግሥትና የግል ተቋም የሚለውን የቆየ ድንበር አደበዘዘው።

የቁጠባ ሂሳብ በዋጋ ንረት ዘመን

ወላጅ ዛሬ «ቆጥቡ» ሲባል ይሰማል። ምክሩ መልካም ነው፤ ታሪኩ ግን ሂሳቡን እንድንሠራ ያስገድደናል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2022 እ.ኤ.አ. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት ለልጇ ኮሌጅ ብላ 100,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ አስቀመጠች እንበል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደብተሯ ላይ 122,504 ብር ይነበባል። ዋጋ በየዓመቱ በ30 በመቶ ቢጨምር ግን ቀድሞ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ነገር 219,700 ብር ያወጣል። እናቲቱ በቁጥር አትርፋ በመግዛት አቅም 44 በመቶ ያህሉን አጥታለች። የተባለችውን ሁሉ አድርጋ ሳለ ነው ይህ የደረሰባት።

ዕቁቡም ከዚህ አያመልጥም። በ12 አባላት፣ በወር 5,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ 60,000 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው የሚወስደው 60,000 እና በ12ኛው ወር የደረሰው የሚወስደው 60,000 በገበያ ላይ እኩል አይደሉም። የዋጋ ንረት የዕቁብን መሠረታዊ ሐሳብ፣ ማለትም እኩልነትን፣ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ በውጭ ሀገር ዘመድ ያለውና የሌለው ቤተሰብ ልዩነት ይበልጥ ጎላ። በአረብ ሀገር በሰው ቤት ተቀጥራ የእህቷንና የወንድሟን የትምህርት ክፍያ የምትልክ ወጣት ዛሬ የሀገራችን የከፍተኛ ትምህርት ገንዘብ አቅራቢ ሆናለች። በየትኛውም የተቋም በጀት ውስጥ ግን ስሟ የለም። ብዙ ጊዜም ራሷ ትምህርቷን አቋርጣ የሄደች ናት።

ስለዚህ ወላጅ በሬ የሚገዛው፣ ወርቅ የሚያስቀምጠው፣ በየዓመቱ ጥቂት ብሎኬት የሚከምረው ስለ ባንክ ባለማወቁ አይደለም። የብርን ባሕርይ ስለሚያውቅ ነው። ይህን ጥበብ «ኋላ ቀርነት» ብሎ መጥራት የታሪክም የሂሳብም ስሕተት ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

የተጓዝንበት መንገድ አንድ አቅጣጫ ያሳያል። በአኮፋዳው ዘመን ወጪው በመንደር ተከፋፈለ። በትምህርት ግብር ዘመን፣ ፍትሐዊ ባልሆነ መንገድም ቢሆን፣ በሀገር ተከፋፈለ። በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ዘመን ተማሪው በዘመኑ ከፈለ። ዛሬ ወጪው እየተሰበሰበ አንድ ቤተሰብ ላይ እየወደቀ ነው፤ ያ ቤተሰብም የሚቆጥበው ዋጋው በሚወርድ ገንዘብ ነው። ለውጡን አሳሳቢ የሚያደርገው መክፈል መጀመሩ አይደለም፤ ክፍያ ሁልጊዜም ነበር። አሳሳቢው ከፋዩ ብቻውን መቅረቱ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለተቋማችን ሦስት ነገሮችን ላሳስብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ ክፍያ የምንጠይቅ ከሆነ የአንድን ፕሮግራም ጠቅላላ ወጪ እስከ ምረቃ ድረስ አስቀድመን እንንገር፤ ወላጅ ሊያቅድ የሚችለው የሚያውቀውን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የክፍያ ጊዜያችን የቤተሰብን የገቢ ጊዜ ይከተል። የገበሬ ገንዘብ የሚገኘው ከመኸር በኋላ ነው፤ እኛ ግን በመስከረም፣ እህሉ ገና በማሳ ላይ ሳለ፣ እንጠይቀዋለን። ሦስተኛ፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችን በየዓመቱ የሚያዋጡበትና ለቀጣዮቹ የሚተርፍ ፈንድ ይኑረን። ይህ ከውጭ የተቀዳ ሐሳብ ሊመስል ይችላል፤ እንጀራ ለማያውቁት ልጅ ሲሰጡ ለኖሩት እናቶች ግን እንግዳ አይደለም።

ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። በየሰፈሩ የዕቁብና የዕድር መዝገቦች አሉ፤ ማን ምን ያህል እንደከፈለ፣ ማን ለምን እንደወሰደ በእጅ ጽሑፍ የሰፈረባቸው ደብተሮች ናቸው። ጸሐፊው ሲሞት ወይም ሰፈሩ ሲፈርስ አብረው ይጠፋሉ። የአዋጆቹ ቅጂ በነጋሪት ጋዜጣ ተቀምጦልናል፤ እነዚህ ደብተሮች ግን ሁለተኛ ቅጂ የላቸውም። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ የምትፈልጉ ሁሉ ከወላጆቻችሁ ሰፈር ጀምሩ። ባለቤቶቹን አስፈቅዱ፣ የግል ስሞችን ጠብቁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ መዝግቡ። በዚህ አዳራሽ የተቀመጥን ሁላችን በሌሎች ወጪ የተማርን ነን፤ የከፋዮቹን ስም ከመጥፋት ማዳን ከሙያችን ግዴታዎች አንዱ ነው።

 አሁን ለጥያቄና ለውይይት መድረኩ ክፍት ነው።